ይድረስ ለክቡር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ምሳ ወጥታለች
ጉዳዩ፦ ከመስኮት 4 እስከ መስኮት 7 ስላደረጉት ጉዞ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

የትምህርት ውጤቴ ሁሉ እርስዎ ላይ ታትሟልና፣ እንደሚያውቁት ማስተርሴን የጨረስኩት እዚሁ ግቢ ነው። ለፒኤችዲ ያመለከትኩትም እዚሁ ግቢ። ባለፈው ማክሰኞ መስኮት 4 ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ ክፍያዎን በቴሌብር ፈጸምኩ። ደረሰኙን ፕሪንት አድርገህ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ሴትዮዋ ፖስታ ውስጥ ከተተችዎ፣ አሸገችዎ፣ ማኅተሙን አፉ ላይ ጠቅ አደረገችው። እጄን ዘረጋሁ።

«ምን ቀረህ?»
«መስኮት 7 ላስገባው ነው። ማመልከቻው አርብ ያበቃል።»
«ኦፊሻል በእጅ አይሰጥም። በፖስታ ነው የሚላከው።»
«ለማን?»
«ለሚቀበልህ ዩኒቨርሲቲ።»
«እሱማ ይሄው ነው!»
«እና? ለዚሁ ይላካላ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መስኮት 7 ከቆምኩበት ይታያል። እዚያ ያለችው ልጅ ሻይዋን ስታማስል ማንኪያው ይሰማኛል። የመስኮት 4ቷን ሴትዮ «እህቴ፣ እሺ አንቺው አሻግሪልኝ» ብላት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ወንድሜ፣ ፒኤችዲ ልትማር መጥተህ ይቺ አትገባህም?» አለችኝ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ። ባለፈው ሴሚስተር ኤፍ የሰጠሁት ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

እርስዎ ከተማውን ሲዞሩ እኔ መስኮት 7 እየሄድኩ «አልደረሰም» እባላለሁ። አርብ 11 ሰዓት መስኮቱ ተዘጋ። ሰኞ ከች አሉ። እንኳን ደህና ገቡ! የማኅተምዎ ግማሽ ግን የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። «አይነበብም» ተብለው ተመለሱ። በፖስታ።

የድሮውን ቂም አላነሳም። ስሜ ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ በዋይ፣ ዋናው ዲግሪ ላይ በአይ መጻፉን ትቼዋለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ስለምነው «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ያለኝን ፕሮፌሰርም እንዲሁ፤ ራሴን ሳመሰግን ነው ያደርኩት። ስለ ጋት፣ ስለ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ ክፉ አይወጣኝም። እሱ ቢያንስ ውጤቴን ለኔው ነው የሰጠኝ።

ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ግን ከጅንካ ነው የመጣው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ። «ፈራሚው ስብሰባ ናቸው፣ ሰኞ ና» አሉት። በማክሰኞ ምድር ሰኞ! የስድስት ሌሊት አልጋ ማን ይከፍልለታል? የአስተማሪ ደሞዝ ስንት እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? አንድ ቃል አልተናገረም። ፌስታሉን አንስቶ ወጣ። አንተ እኮ ወረቀት ነህ! አንድ ገጽ! አታሚው አጠገብህ፣ ማኅተሙ አጠገብህ፣ ምን ቆርጦህ ነው ሰው የምታንከራትተው?

ይቅርታ። እርስዎ።

ከሰላምታ ጋር
የዘንድሮው «ሊሆን የነበረ» የፒኤችዲ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለመስኮት 4
ለእናቴ፣ ሰፈሩን በሙሉ «ዶክተር» በሉት ላለችው
ለመስኮት 7 (በፖስታ)