ይድረስ ለክቡር ሲስተም፤ ባሉበት፣ ካሉ

ጉዳዩ፦ ጤናዎን ስለመጠየቅ

ክቡር ሲስተም፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በጊዮርጊስ ቸርነት ደህና ነን። እርስዎ ግን ደህና የሆኑ አልመሰለንም። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ «ሲስተም የለም» ተብለናል። ባለጉዳዩ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አዛውንት ዘበኛውን ጠጋ ብለው «ይኼ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ሲሉት ሰማሁ። ዘበኛው ሳይስቅ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አላቸው። አባት አመኑት። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ።

ይህን ደብዳቤ በእስክሪብቶ የምጽፈው ንቄዎት አይደለም። ፓስዎርዴን ሦስት ጊዜ ብስት ዘጉብኝ። እንዲከፍቱልኝ ማመልከቻ ላስገባ ብል ማመልከቻው የሚገባው በእርስዎ በኩል ነው። በእርስዎ በኩል ለመግባት ደግሞ ፓስዎርድ ያስፈልጋል።

አመጣጥዎን አስታውሰዋለሁ። ወረቀት የሚባል ነገር ሊቀር ነው ተባለና ጣና ዳር ካለ ሆቴል የግማሽ ቀን ሥልጠና ወሰድን። ወረቀትን ስለማስቀረት የሚሰጠውን ሥልጠና መካፈላችንን ያረጋገጥነው ወረቀት ላይ ፈርመን ነው። አበሉንም ፈርመን ወሰድን። (በአበሉ ላይ ቅሬታ የለኝም።) አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ልጅ ነበር። ስላይዱ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። ልጁ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሌላ ገጽ ይከፍታል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በየመሀሉ «ይኼ በጣም ቀላል ነው» ይላል። ለእሱ ቀላል መሆኑ ገብቶናል። እኔ ሐቁን ልናገርና በመስኮቱ በኩል የማየው አንድ ባለታንኳ ነበር። ደንገል ታንኳው ላይ ማገዶውን ቆልሎ ቀስ እያለ ይቀዝፋል። ያን ሰው መቅዘፍ በስላይድ ያስተማረው ይኖር ይሆን እያልኩ ሳስብ ሻይ ቡና ተባለ። ከሻይ በኋላ ሰርተፍኬት ታደለን። «ሥልጠናውን በብቃት አጠናቀዋል» ይላል። ከሠላሳችን ማውስ የነካ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰኞ ቢሮ ገባን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ፊትዎ ተቀመጠች። «ቢያንስ አንድ ትልቅ ፊደል ያስገቡ» አሏት። መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ዞረች። «ትልቁ ፊደል የቱ ነው? ጨ ይሆን?»

ምን ልበላት? በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም። ሁሉም እኩል ተሰልፎ የሚሄድ ነው።

የቤተሰብ ስምም ጠየቋት። የአባቷን ስም ሰጠችዎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው በአባቷ ስም «እንደምን አደሩ» ይላሉ። «ሰውዬውን ከቀበርነው ስንት ዘመኑ፣ ኧረ በጊዮርጊስ ተዉት ይረፍ» ትላለች።

የሰዓቱ ነገርስ? እትዬ ጠዋት በ2 ሰዓት ገባች፤ 2 ብላ ሞላች። እርስዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብለው መዘገቡት። ማታ በ11 ወጣች፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ብለው መዘገቡት። የወሩ ሪፖርት ሲወጣ እትዬ በሌሊት ቢሮ እየገባች በጠራራ ፀሐይ ሹልክ የምትል ሴት ሆና ተገኘች። ደግነቱ ሲደመር ያው 9 ሰዓት ነው። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ ውጠዋታል። በአገሩ 13 ወር አለ፤ እርስዎ ዘንድ 12 ብቻ። የጳጉሜ ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ «ቀኑ ትክክል አይደለም» ተብሎ ተመልሷል። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እርስዎ ታኅሣሥ 22 ላይ ዘግተው በማግስቱ መልካም አዲስ ዓመት ተመኙልን። እናመሰግናለን።

ከሁሉ የባሰው ግን የፊደሉ ነው። አንዲት ባለጉዳይ መጡ፤ ስማቸው ፀሐይ። እትዬ ጻፈች፣ ፈለገች። እርስዎ «አልተገኘም» አሉ። አሁን ቁጭ ብለን እንቁጠር። «ጸ» ሁለት ዓይነት አለ። ለ«ሐ»ው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሁሉም አንድ ድምፅ ናቸው። አንዲቷ ፀሐይ በ12 መንገድ ትጻፋለች ማለት ነው። እትዬ አራቱን ሞከረችና ደከማት። ብድግ አለች፤ የብረት ካቢኔቱን ሦስተኛ መሳቢያ ጎተተች፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፋይሉን አወጣች። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «ጸሀይ» ነው። «ያው ፀሐይ ናት» አለች።

ለእርስዎ ግን ያው አይደለችም። የራሳችን ከተማ እንኳ ለእርስዎ አራት ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። በሪፖርትዎ መሠረት ከአራቱ አንዷ ውስጥ የሚኖሩት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። «ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቅም» የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን ሰበብ አልቀበልም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስም ሲፈልጉ «ሀ»ንና «ሐ»ን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ እርስዎን ማዘዝ ደግሞ ከባድ አይደለም ይላል ኮምፒውተር ያጠና የወንድሜ ልጅ። እርስዎን የሠራው ሰው መዝገብ ቤት መጥቶ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ኖሮ እትዬ ራሷ ትነግረው ነበር። ያቺን ግማሽ ቀን ግን ለሆቴሉ አዋልናት።

እትዬን «ቴክኖሎጂ አይገባትም» ብለው ሪፖርት ያደረጉ አለቆች አሉ። ይስሙኝማ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ ለእትዬ አዳራሽ የተከራየላት የለም። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ትገዛለች። ዓሣ ሻጯ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ይዛለች። ቅርፊት በተለጠፈበት ጣቷ ላስቲኩን ታሻሸዋለች። «ገባልሽ?» ትላለች እትዬ። «ገባ» ትላለች ሴትዮዋ። በቃ፣ አለቀ። ሁለቱም ሰርተፍኬት የላቸውም። ብሩ ቢጠፋ ግን የሚጠፋው የራሳቸው ነው። ያላወቁትን ለመጠየቅ ደግሞ ጎረቤት አለች፤ ጎረቤት «ይኼ በጣም ቀላል ነው» አትልም።

እርስዎ ጋ ስንቸገር የምንጠራው የአይቲውን ልጅ ነው። ይመጣል፤ ማውሱን ከእጃችን ይወስዳል፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ «ይኸው ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። በማግስቱ እዚያው ነን። የባሰ ዕለት ስታክ ያደርጋሉ፤ ያኔ ሶኬቱን ነቅለን ደቂቃ ቆጥረን እንሰካለን። ባለታንኳም ታንኳው ውኃ ሲጠጣበት ዳር አውጥቶ ያሰጣዋል። የእሱ ቢያንስ ይደርቃል።

የካቲት ላይ አንዲት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ተመደበችልን። ወንበር አልተረፈም፤ ከቡና ሻጯ ዘንድ ዱካ ለምና እትዬ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አስገረመኝ። ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ማውሱን እንዳትነካ ነው። እትዬ ትሳሳታለች፤ ልጅቷ ዝም። እትዬ ታማርራለች፤ ልጅቷ «እዚያች ጥግ ላይ ምን ይታይዎታል?» ትላለች። ባለጉዳይ ሳይበዛ፣ በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ። የትምህርት ቤት ደብተርም አመጣች፤ እትዬ በራሷ እጅ ጻፈችበት። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ሰማያዊዋን መጫን። እስኪዞር መጠበቅ። አለመቆጣት።

በሚያዝያ እትዬ ብቻዋን ፋይል ትከፍት ጀመር። በግንቦት እኔን ታሳየኝ ነበር። እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ በጥፊ መታ አደረገችኝ። ወረቀቱ ግን አልቀረም፤ «ድንገት ሲስተሙ ቢጠፋስ» ተብሎ ሁሉን ነገር ሁለቴ እንጽፋለን፤ ለእርስዎ አንዴ፣ ለካቢኔቱ አንዴ። ይሁን፤ ለምደነዋል።

ሰኔ ላይ ልጅቷ ልምምዷን ጨርሳ ሄደች። ባለፈው ሰኞ ደግሞ እርስዎ አፕዴት አደረጉ። አፕዴትዎ የጣናን እምቦጭ ነው የሚመስለው፤ በዚህ ነቀልነው ስንል በዚያ ያብባል። እትዬ ደብተሯን ገልጣ ማያውን እስከ ታች ድረስ ፈለገች። ሰማያዊዋ የለችም። አረንጓዴ ሆናለች፤ ቦታዋም ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል። እትዬ አልተቆጣችም፤ ደብተሩ አይፈቅድም። መነጽሯን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችና ካቢኔቱን ከፈተች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እንደገና ሆቴል ሊወስዱን እየተዘጋጁ እንደሆነ ሰምተናል። አበሉ ቢቀርብንም ግድ የለም። ዱካዋ እስካሁን እትዬ አጠገብ አለች፤ የሚቀመጥባት ሰው ይላኩልን። ቀለም ሲቀይሩም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩን፤ እትዬ ደብተሯ ላይ ታርማለች።

የዘጌው አባትም ሰላም ብለውዎታል። የመጨረሻው ጀልባ ሊያመልጣቸው ስለሆነ፣ ከስብሰባው ሲወጡ እንዲነገርዎት አደራ ብለው ሄደዋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአይቲ ክፍል
ለዘበኛው
ለመዝገብ ቤት (በወረቀት፣ በ3 ኮፒ፤ «ፀሐይ» በሚለው መሳቢያ ይቀመጥ፣ በየትኛውም «ፀ»)