እንቁላል በደጅ፣ ትራክተር በሰንሰለት

አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ በምኖርበት የሊንከንሻየር መንደር እንቁላል ይሸጣል፤ ሻጭ ግን የለም። ገበሬው ካርቶኖቹን ደጃፉ ላይ ደርድሮ፣ አጠገባቸው የሳንቲም ቆርቆሮ አስቀምጦ ወደ እርሻው ይሄዳል። አላፊ አግዳሚው ያነሳል፣ ሒሳቡን ይጥላል። አጥር ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶ እያየ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ጉድ ነው። ከእንግሊዝ ገጠር ወደ አገር ቤት የሚላከው ቪዲዮም ይኸው ነው።

ያው ገበሬ ትራክተሩን እንዴት እንደሚያሳድር ግን ቪዲዮው ላይ የለም። በሰንሰለት ነው፣ ካሜራና የማንቂያ ደወል ተጨምሮበት። እንቁላል ቢጠፋ ጥቂት ፓውንድ ነው፤ ትራክተሩ ላይ የሚገጠመው ጂፒኤስ ግን ብዙ ሺህ ያወጣል፤ በሌሊት ተነቅሎ ባሕር ማዶ ይሸጣል። በግ ይሰረቃል፣ ናፍጣ ይቀዳል፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተሸፈነበት የእርሳስ ብረት ሳይቀር ይገፈፋል። ኤንኤፍዩ ሚውችዋል የተባለው የገበሬዎች መድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በገጠር ወንጀል የደረሰውን ኪሳራ በመላ ብሪታኒያ 52.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶታል።

እኔን የሚገርመኝ ከስርቆቱ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው። እኛ ዘንድ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል፤ በማግስቱም ጎረቤት «በንብረት ይለፍ» ሊል ይመጣል። እዚህ የተሰረቀው ሰው ወደ ፖሊስ ስልክ 101 ይደውላል፣ የመዝገብ ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥሩን ለኢንሹራንስ ይሰጣል። አለቀ። ፖሊስ የሚመጣው ከሩቅ ከተማ ነው፣ ከመጣ።

እንግሊዞቹ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ ጩኸት የሰማ ሁሉ ወንበዴውን እንዲያሳድድ ያዝ ነበር፤ ካልተያዘ የአካባቢው ሕዝብ ለተዘረፈው ሰው በጋራ ይከፍላል። የእኛ አፈርሳታ ማለት ነው እኮ! አገሬው ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የማይመለስበት፣ ካልወጣም ዕዳውን አብሮ የሚሸከምበት። እነሱ ያን ዕዳ ለመድን ድርጅት አስረከቡ፤ እኛ ከተሜዎቹ ለዘበኛና ለግንብ አጥር።

ኡኡታውን ላሞግስ አይደለም። የተጠረጠረ ልጅ ፖሊስ ሳይደርስ በዱላ ሲደቆስ አይቻለሁ። እዚህ ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከሥራ ብቻዬን በእግሬ ስመለስ አልፈራም፤ አዲስ አበባ ላይ አልሞክረውም።

የሚያስቀኝ መጋረጃው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠበቀ ለፖሊስ የሚጠቁምበት ማኅበር አላት፤ ምልክቱ የመንደሩ መግቢያ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጥቁር ፊት ይዤ ባለፍኩ ቁጥር የአንዱ ቤት መጋረጃ ገለጥ ይላል። በቀን ሦስቴ እያዩኝ እስካሁን እንግዳ ነኝ። ትራክተሩን የሚገፍፉት ግን በነጭ ቫን ነው የሚመጡት፣ የሠራተኛ ልብስ ለብሰው፤ ነጭ ቫን ሲያልፍ መጋረጃ የገለጠ ሰው አላየሁም።