ሱፕራ ሱፕራ ለመሆን የማን ሞተር ያስፈልጋታል?

በጥር 2019 ዲትሮይት ላይ በወቅቱ የቶዮታ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኪዮ ቶዮዳ የኩባንያውን የስፖርት መኪና፣ አዲሷን ሱፕራ፣ ሲያስተዋውቁ፣ የጃፓን ስፖርት መኪና ወዳጆች የቶዮታን ደጅ መጥናት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀድሞዋ ሱፕራ ከአሜሪካ ገበያ የወጣችው በ1998 ሲሆን በጃፓን ምርቷ የተቋረጠው በ2002 ነው። በ2014 ኤፍቲ-1 የተባለችው የማሳያ መኪና በዚያው በዲትሮይት ስትታይ ተስፋው እንደገና ተቀጣጠለ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ወሬና ግምት፣ በድብቅ የተነሱ ፎቶግራፎችም ጭምር ሲናፈሱ ቆዩ። ቀኑ ደርሶ መኪናዋ በተዋወቀችበት ሳምንት የመጀመሪያዋ ሱፕራ አሪዞና ውስጥ ለበጎ አድራጎት በወጣ ጨረታ 2.1 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ኮፈኗ ሲከፈት ግን ደስታው ደበዘዘ። ከሥሩ የተቀመጠው ቢ58 የተባለው ባለ ሦስት ሊትር የቢኤምደብሊው ሞተር ነው። ጋቢናዋ ውስጥም ስክሪኑን፣ የማርሽ ዘንጉንና የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ማንኛውም የቢኤምደብሊው ባለቤት ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል። የተገጣጠመችውም ኦስትሪያ ውስጥ በግራዝ ከተማ፣ በማግና ሽታየር ፋብሪካ፣ ከእህቷ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር ነው። ፍርዱ ለመሰጠት ጊዜ አልወሰደም፤ «ይህች የቶዮታ ምልክት የተለጠፈባት ቢኤምደብሊው ናት እንጂ ሱፕራ አይደለችም» ተባለ።

ቶዮታ የዚህችን ሱፕራ ምርት በመጋቢት 2026 እንደሚያበቃ ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ሐዘን ነው። ያኔ ፊታቸውን ያዞሩባት ብዙዎች አሁን የስንብት ቃል ይጽፉላታል። ክርክሩን እንደገና መክፈት ተገቢ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የሱፕራ ወዳጆች በሞተሩ ጉዳይ ተሳስተው ነበር፤ በማርሹ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት ነበራቸው።

ቁጣቸውን ያለ ምክንያት የተነሳ አድርጎ መቁጠር ግፍ ይሆናል። በ1993 የወጣችው አራተኛዋ ሱፕራ፣ ወዳጆቿ ኤ80 የሚሏት፣ የተሸከመችው ሞተር ቱ-ጄ-ዚ ይባላል። ሦስት ሊትር ነው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ሁለት ቱርቦ አለው። ለአሜሪካ የቀረበችው 320 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በጃፓን ግን አምራቾቹ ከ280 ላለማለፍ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ስለነበር በወረቀት ላይ የሰፈረው ይኸው ቁጥር ነው። የሞተሩ ምስጢር ያለው ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ላይ ነው። አሉሚኒየም ሳይሆን ወፍራም ብረት ስለሆነ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሚሰጠው ጉልበት እጅግ የበለጠ ጫና ይችላል። ፒስተኑና ቢየላው ሳይነካ፣ ሁለቱን ቱርቦዎች በአንድ ትልቅ ቱርቦ ተክቶ፣ የነዳጅ ፓምፑንና መርጫዎቹን አሳድጎ ጉልበቱን እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ከቶኪዮ እስከ ካሊፎርኒያ በየጋራዡ ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ ወጣቶች ይህንን በእጃቸው አረጋግጠውታል። ፍቅሩ የተወለደው ከዚያ ነው። ፋብሪካው ጨርሶ ያስረከበውን መኪና ባለቤቱ በራሱ እጅ ማሳደግ ይችላል።

ከዚያ በ2001 የወጣ አንድ የሆሊውድ ፊልም ብርቱካንማ ሱፕራ ይዞ መጣና ስሟን መኪና ነድተው ለማያውቁ ልጆች ጭምር አደረሰ። በፊልሙ ላይ የታየችው መኪና በ2021 በጨረታ 550 ሺህ ዶላር ተሸጣለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት መኪና ስትመለስ ሰው የገዛ ሞተሯን ቢጠብቅ ማን ይፈርድበታል?

ሆኖም የቶዮታ ደም ብቻ የፈሰሰባት ንጹሕ ሱፕራ የምትባል ነገር ቀድሞም አልነበረችም። ወዳጆቿ የሚያመልኳት የኤ80 ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ቪ160 የሚባለው፣ ከጀርመኑ ኩባንያ ከጌትራግ የመጣ ነው። ዛሬ ያንን ካምቢዮ በደኅና ይዞታ ያገኘ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ይገዛዋል፤ ኦቶማቲክ የነበረችውን ሱፕራውን ወደ ማንዋል ሲቀይርም በኩራት ይገጥመዋል። ጀርመናዊ ነው ብሎ ነቅሎ የጣለው ሰው አልሰማሁም።

ወደ ኋላ በሄድን ቁጥርም ነገሩ እየጎላ ይመጣል። ጃፓን ስፖርት መኪና መሥራት እንደምትችል ለዓለም ያሳየችው በ1967 ለገበያ የቀረበችው የቶዮታ 2000ጂቲ ናት። የዚያች መኪና ሞተር መሠረቱ የቶዮታ ቢሆንም ቴስታታውን የሠራው ያማሃ ነው፤ መኪናዋን የገጣጠማትም ራሱ ያማሃ ነው። በጠቅላላው 351 ብቻ ተሠርታ ዛሬ በዓለም ውድ ከሆኑት የጃፓን መኪኖች አንዷ ሆናለች። በ2012 የወጣችው ቶዮታ 86 ደግሞ የሱባሩ ሞተር ነበራት፤ የሁለቱም የ86 እና የአዲሷ ሱፕራ ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ናቸው። ቶዮታ በስፖርት መኪና ታሪኩ ትልልቅ ሥራዎቹን ሲሠራ አብሮት የሚሠራ ሰው ፈልጎ ነው የሠራው። ይህ ልማዱ ነው፤ ነውር ሆኖ የታየው ግን በ2019 ብቻ ነው።

ወዳጆቿ ሊያዩት ያልፈለጉት ሌላው ነገር ሒሳቡ ነው። ከ1978 እስከ 2002 ሱፕራ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የተሰለፉ ስድስት ሲሊንደሮች ያላት መኪና ነበረች፤ ስሟም ከዚህ ሞተር ጋር የተያያዘ ነው። ቶዮታ ግን እንዲህ ያለውን ሞተር መሥራት አቁሞ ነበር። በዓመት ጥቂት ሺህ ብቻ ለምትሸጥ መኪና አዲስ ሞተር ከባዶ ነድፎ፣ የአውሮፓንና የአሜሪካን የጭስ ልቀት ሕግ አሟልቶ ማምረት የትኛውንም የሒሳብ ሹም ያስደነግጣል። ቢኤምደብሊው በበኩሉ ይህን ሞተር ሳያቋርጥ የሠራ ኩባንያ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች መሐንዲሶች በመሠረታዊ ልኬቱ ከተስማሙ በኋላ ተለያይተው የየራሳቸውን መኪና አበጁ። ይህ ባይሆን ኖሮ ሱፕራ የምትባል መኪና አትመለስም ነበር። ቁጣው ይህን እንደ ምርጫ ቆጥሮት አያውቅም።

ደግሞስ ያ ባዕድ የተባለው ሞተር ምን አደረገ? መጀመሪያ ለአሜሪካ 335 የፈረስ ጉልበት ይዞ ቀረበ፤ ከዓመት በኋላ 382 ሆነ። የጉልበት ማሳደግ ባለሙያዎችም ብዙ ሳይቆዩ ከ1 ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ አወጡበት፤ የቱ-ጄ-ዚ ወዳጆች ሲመኙት የኖሩትን ቁጥር ማለት ነው። ያንንም ያልተቀበለ ሰው መንገድ አላጣም። ጃፓናዊው የድሪፍት (መኪናን እያንሸራተቱ የመንዳት ውድድር) ተወዳዳሪ ዳይጎ ሳይቶ መኪናዋ በወጣችበት በ2019 የጀርመኑን ሞተር አውጥቶ ቱ-ጄ-ዚ ገጠመላት። ቁጣን እንዲህ በእጅ ሥራ ለገለጠ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

አኪዮ ቶዮዳ ለምን ይህን ያህል እንደታገሉላት ማወቅም ይገባል። ሰውዬው መኪና ማሽከርከርን በሙያ ደረጃ የተማሩት ከቶዮታው የሙከራ ሹፌር ከሂሮሙ ናሩሴ ሲሆን ልምምዱም በጀርመኑ የኑርበርግሪንግ መንገድ ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ገና ያልወጡ አዳዲስ መኪኖቻቸውን ሲፈትኑ እሳቸው የሚነዱት ምርቷ የተቋረጠ አሮጌ ሱፕራ እንደነበር በየመድረኩ ተናግረዋል። ናሩሴ በ2010 እዚያው አካባቢ በሙከራ ላይ ሳሉ በመኪና አደጋ ሞቱ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶዮታ ማለት ኮሮላ፣ ቪትዝና ላንድክሩዘር ነው፤ የማያስቸግር፣ መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ መኪና። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ግን በዚህ ስም ብቻ መታወቅን አልፈለጉም። ሱፕራን ያስመለሳት ይህ የግል ናፍቆት ይመስለኛል። ከጀርመን ሞተር ጋር የመጣ ናፍቆት ቢሆንም የውሸት አልነበረም።

ስለ ቅርጿ የተሰነዘረውን ትችት እቀበላለሁ። በሮቿና መብራቶቿ አጠገብ ያሉት ብዙዎቹ የአየር ማስገቢያዎች በጥቁር ፕላስቲክ የተደፈኑ ናቸው። ታዳ ለውድድር የሚያዘጋጃት ሰው ይከፍታቸዋል ቢሉም፣ ወደ 50 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ዋጋ የከፈለ ሰው የተደፈነ ቀዳዳ ሲያይ ቅር ቢለው ተገቢ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ማርሹ ነበር። መኪናዋ ስትወጣ የነበራት ስምንት ማርሽ ያለው ኦቶማቲክ ብቻ ነው። ፈጣን ነው፤ በሰዓት መለኪያ ከማንዋል ይቀድማል። የስፖርት መኪና ወዳጅ ግን ለሰከንድ ሽራፊ አይከፍልም። ኩርባ ከመድረሱ በፊት ፍሪሲዮን ረግጦ፣ በተረከዙ ቤንዚን ሰጥቶ፣ ማርሹን ወደ ሁለት ሲያወርድ ሞተሩና ጎማው በአንድ ፍጥነት ሲገናኙ የሚሰማው ነገር አለ። በትክክል ከሠራው መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ትታጠፋለች፤ ከሳተው ወዲያው ታሳብቅበታለች። ሹፌርነት ማለት ይህ ንግግር ነው፤ ያለ እሱ ሱፕራ ይጎድላታል። ወዳጆቿ ይህን ሳይታክቱ ተናገሩ፣ ጻፉ፣ ጠየቁ።

ቶዮታም ሰማ። በሚያዝያ 2022 ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ሱፕራ መምጣቷን አስታወቀ። መሐንዲሶቹ ፔዳል ብቻ ጨምረው አልተዉትም። የማርሽ ዘንጉ ከፊት ካለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጋር እጅ እንዳያጋጭ ጋቢናውን እንደገና አበጁ፤ የዘንጉን ራስ ክብደት እንኳ መርጠው 200 ግራም አደረጉት። በእጅ የሚያዝ ነገር እስከዚህ ድረስ የታሰበበት ደንበኛው ስለጮኸ ነው።

ከሁለቱ ቁጣዎች አንዱ ፍሬ ያፈራው፣ ሌላው መና የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። «ማንዋል ስጡን» ያለ ሰው መሐንዲሱ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ጠየቀ። «ይህች ሱፕራ አይደለችም» ያለው ግን መኪናዋ እንዳትኖር ከመመኘት ያለፈ ጥያቄ አልነበረውም። ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም። ዛሬ የምትመለከው ኤ80 በአሜሪካ በነበረችባቸው ዓመታት የተሸጠችው 11 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው። ውድ ናት ተብላ በየመሸጫው ቆማ ገዢ አጥታ ነው የወጣችው። አምላኪዎቿ የበዙት ከሄደች በኋላ ነው።

አሁን ተራው የሆንዳ ነው። እንደ ሱፕራ በ1978 ተወልዳ በ2001 የቆመችው ፕሬሉድ በመስከረም 2025 በጃፓን ወደ ገበያ ተመልሳለች። 200 የፈረስ ጉልበት ያላት ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሠራ) ናት፤ የፊት እግሯ (ሰስፔንሽኗ) አሠራር ከሆንዳዋ ሲቪክ ታይፕ አር የተወሰደ ነው። ፍሪሲዮን ግን የላትም፤ በምትኩ ማርሽ የሚቀየር የሚያስመስል ሥርዓት ተገጥሞላታል። «ይህች ፕሬሉድ አይደለችም» የሚለው ጩኸት ከወዲሁ ተጀምሯል። ሃይብሪድ ስለሆነች ይህን የሚሉ ሰዎች ቢተዉት እወዳለሁ። ስለ ማርሹ የሚጮኹትን ግን እደግፋለሁ፤ ሆንዳ በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደዱት የማንዋል ካምቢዮዎች አንዱን ዛሬም በዚያችው ታይፕ አር ላይ ይሠራል። ለሱፕራ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ ለፕሬሉድም ጥያቄው ከአሁኑ፣ በግልጽ፣ በዚህ በአንዱ ነገር ላይ ተሰብስቦ ይቅረብላቸው።