በማግስቱ ድንኳን ያልተተከለለት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ከአንዲት ቡና መሸጫ ጓሮ ተሰብስበን የጥቁር አሜሪካዊውን ዳይሬክተር የስፓይክ ሊን «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ፊልም አየን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ግድግዳው ላይ በወጠርነው ነጭ አንሶላ ላይ ደግሞ የኒው ዮርኳ ብሩክሊን ሰዎች በሙቀት ይነድዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ይህ ፊልም የአንድ መንገድ፣ የአንድ ቀን ታሪክ ነው። የጣሊያን ዘር ያለው አሜሪካዊው ሳል ጥቁሮች በሚበዙበት ሰፈር ለ25 ዓመት ፒዛ ሸጧል። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው የታዋቂ ሰዎች ፎቶዎች ግን የጣሊያን ዘሮች ብቻ ናቸው። አንድ ወጣት ደንበኛ የጥቁሮች ፎቶ ለምን እንደሌለ ሲጠይቀው፣ የራስህን ቤት ስትከፍት ያሻህን ስቀል ይለዋል። ያ ጠብ እየከረረ ሄዶ፣ ሲመሽ ሬዲዮ ራሂም የሚባለው ወጣት በፖሊስ ዱላ ታንቆ ይሞታል። ፒዛ አድራሹ ሙኪ የቆሻሻ በርሜል አንስቶ የሳልን መስኮት ይሰብራል፤ ቤቱም ይቃጠላል።

መብራት እንደበራ ክርክር ገጠምን። «ሙኪ መስኮቱን መስበሩ ትክክል ነው ወይ?» ስፓይክ ሊ ይህን ጥያቄ ጥቁር ተመልካች ጠይቆት እንደማያውቅ ደጋግሞ ተናግሯል። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የጠየቅነው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ሻሸመኔ ውስጥ የነደዱት ሱቆችና ሆቴሎች ዛሬም ከዓይናችን አልጠፉም። ከመካከላችን አንዱ አባቱ ሂርማታ ገበያ ሱቅ አለው፤ ለሳል ሲከራከር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሲሆን ማየት ምን እንደሆነ ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው «ለፎቶ ብሎ ይህ ሁሉ?» አለ። በዚህ አልስማማም። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት የፈረንጁን መኖሪያ ከአገሬው የመለየት ፖሊሲ ነበረው። የምንኖርበት ሰፈር ስም ያንን ዘመን ዛሬም ያስታውሰኛል። ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ቡና በሚጠጣባት ጅማ፣ ግድግዳ ላይ ማን እንደተሰቀለና ማን እንደቀረ ሁሉም ያያል፤ ባይናገርም። ወጣቱ የሳልን ቤት ላፍርስ አላለም። በየቀኑ ገንዘቡን ከሚከፍልበት ቤት የወገኖቹን ፊት ማየት ነው የፈለገው። ይህን ጥያቄ ትንሽ የሚለው የራሱን ፊት ፍለጋ ዓይኑ ተንከራትቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ክርክሩ ሲጋጋል፣ ረከቦቱን ይዘው ጥግ ላይ የተቀመጡት የቤቱ እመቤት «ልጆቼ፣» አሉን፣ «ያ ልጅ እኮ ሞተ። እናቱን ማን አረዳት?»

ሁላችንም ዝም አልን።

እውነትም በፊልሙ ማግስት ድንኳን የለም፤ ደረት የሚመታም የለም። ሙኪ ደመወዙን ሊቀበል ይመጣል፤ ሳል ስለ ቤቱ ያወራል። ሙኪ መስኮት ምንድን ነው፣ ራሂም እኮ ሞቷል ብሎ ይጮህበታል፤ ከዚያ ተመልሰው ወደ ገንዘቡ ይገባሉ። ይህ ባዶነት ሆን ተብሎ የተተወ ይመስለኛል። ስፓይክ ሊ ለቅሶውን ለእኛ ትቶልን ነበር፤ እኛ ግን ስለ መስታወት ተከራከርን።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ የስድስት ሟቾችን ስም ጠርቶ ለቤተሰቦቻቸው መታሰቢያነት ይሰጣል። ከእነርሱ አንዱ ማይክል ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1983 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የምድር ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ጽፈሃል ተብሎ ከተያዘ በኋላ በፖሊስ እጅ እያለ ለሞት የተዳረገ ወጣት ነው። እኛ ለክርክር ቸኩለን ጽሑፉ ሳይመጣ አጥፍተነው ነበር። መልሰን ከፈትነው። እመቤቲቱ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሲኒውን ማጠብ ትተው «አንድ በአንድ አንብቡልኝ» አሉ። አነበብንላቸው።