መላጫው ለማን ፊት ነው የተሠራው?

ስለ መላጫ ነው የማወራው። ስለ ተራው፣ በእጅ ስለሚያዘው የጢም መላጫ። ሁላችንም በየጊዜው የሚያቆስለንን ነገር ለምደነው ዝም ስላልን፣ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልዘርግፈው። አምስት ስለት ደርድረውበታል፣ ቅባት ለጥፈውበታል፣ እጀታውን አሳምረውታል፤ አንገት ሳያደማና ሳያሳብጥ መላጨት ግን ዛሬም አልሆነለትም። ስናማርር ደግሞ ጥፋቱ ወደ እኛ ይዞራል፦ ቆዳህ ቁጡ ነው፣ በደንብ አላረጠብከውም፣ ተጭነኸዋል፣ ሌላ ቅባት ሞክር። ኧረ ተዉን! ቆዳችን ጤነኛ ነው። መሣሪያው ሲታሰብ ለአንድ ዓይነት ፀጉር፣ ለአንድ ዓይነት ፊት፣ ለአንድ ዓይነት እጅ ብቻ መታሰቡ ነው ጣጣው።

ብዙ ሰው ለምን እንደሚሰቃይ ሳያውቅ ስለሚሰቃይ ነገሩን ላስረዳ። ብዙ ስለት ያለው መላጫ ሲያልፍ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ያዝ አድርጎ ከበቀለበት ቀዳዳ ትንሽ ይስበዋል። ፀጉሩ ተመልሶ ሳይገባ ቀጣዩ ስለት ይደርስና ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ከዚያ በኋላ ከቆዳው ወለል በታች ይሰበሰባል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ይህን ይወደዋል፣ ጉንጩ ቀኑን ሙሉ ልስልስ ይላል። ጥምዝ ፀጉር ላለን ግን ያ ሹል ጫፍ እንደገና ሲያድግ መውጫውን ይስትና የቀዳዳውን ግድግዳ ይወጋል፤ ወይም ወጣ ይልና ዞሮ ቆዳው ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት ደግሞ የገባበትን ሁሉ እንደ ባዕድ ነው የሚዋጋው። ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይይዛል፣ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካው እንዴት እንደሚለበልብ የደረሰበት ያውቀዋል። ጥቁር ወንዶች ላይ ደግሞ ይህ በጣም የተለመደ ነው። እና ይህን ያህል ሕዝብ የሚያቆስል ዕቃ እንዴት "ምርጥ ቴክኖሎጂ" ተብሎ ይሸጣል?

ሐኪሙ የሚሰጠው ምክር ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። በአንድ ስለት ተላጭ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ላጭ፣ ቆዳህን አትወጥር፣ ካስቸገረህ በቶንዶስ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጠው፣ እሱም ካልሆነ አሳድገው። ማሳደግ የሚችል ያሳድግ። ነገር ግን አቧራና ጋዝ ባለበት ቦታ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ጭምብል አድርጎ የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? ጢም በጭምብሉ ጠርዝና በቆዳው መሃል ከገባ አየር ያሾልካል፣ ጭምብሉ ዋጋ የለውም። ይህ ሰው ለሳንባው ሲል አንገቱን እንዲያቆስል ነው የተፈረደበት። ለእሱ የሚሆን መላጫ መሥራት ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ትኩረት የሰጠው ስለሌለ ነው።

ከባድ አለመሆኑን ከታሪኩ ማየት ይቻላል። ምላጭን በመከለያ ገርቶ ቆዳ እንዳይቆርጥ ማድረግ ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የታሰበ ነገር ነው፤ ፈረንሳዊው ምላጭ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ የእንጨት መከለያ አድርጎበት ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1847 እጀታውን እንደ ዶማ አጋድሞ ገጠመው፣ ዛሬ የምንይዘው ቅርጽ የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ኪንግ ጂሌት የሚባለው ነጋዴ ስስ፣ ርካሽ፣ ሲደንዝ የሚለወጥ ምላጭ አሰበ። ያን ያህል ስስ ብረት ማጠንከር አይቻልም ብለውት ነበር፤ መሐንዲሱ ዊሊያም ኒከርሰን መላ አገኘለት። በ1903 የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በ1904 የፈጠራ መብቱን አገኘ፣ ዓለምም በዚያው ተላጨ። ልብ በሉ፣ የዚያ ሁሉ ድካም ዓላማ "ሰው ራሱን ሳይቆርጥ ይላጭ" የሚል ነበር። በ1958 ገደማ ደግሞ ያው የጂሌት ድርጅት እጀታው ላይ ከ1 እስከ 9 የሚዞር ቀለበት ያለው መላጫ አወጣ። ቀለበቱን ስታዞረው ስለቱ ከመከለያው የሚወጣበት ክፍተት ይሰፋል፣ ይጠባል። ለስስ ቆዳ ታጠብበዋለህ፣ ለጠንካራ ጢም ታሰፋዋለህ። አንድ መላጫ፣ ለብዙ ዓይነት ሰው! ይህ ነገር ባየሁት ቁጥር ያስቆጨኛል፤ መንገዱ ተጀምሮ ነበራ።

ከዚያስ? ከዚያማ የስለት ቆጠራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት፣ በ1998 ሦስት፣ በ2003 አራት፣ በ2006 አምስት። የሚስተካከለው መላጫ ዳር ተገፋ፤ ዛሬም የሚሠሩት ጥቂቶች አሉ፣ ግን አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። ስለት መጨመር ለሻጩ ይመቻል፤ ስለቶቹ ያሉበት የመላጫው ራስ የሚገጥመው የዚያው ድርጅት እጀታ ላይ ብቻ ስለሆነ እጀታውን አንዴ የገዛ ሰው ታሰረ ማለት ነው። ለተላጪው ግን እያንዳንዱ ስለት ቆዳውን አንድ ጊዜ ይፍቃል። አምስት ስለት ያለውን አንዴ ስትስብ ያው ቦታ አምስት ጊዜ ተፋቀ። ቀላል ነገር እኮ ነው፣ ለምን አንናገረውም?

ማጽዳቱን ደግሞ እዩት። ትንሽ ቆየት ያለ ጢም ስትላጭ ከሁለትና ከሦስት ስቦሽ በኋላ መላጫው መቁረጡን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ወደ ብርሃን አዙረህ ስታየው በስለቶቹ መሃል ያለው ቀጭን ክፍተት በአረፋና በፀጉር ብናኝ ተደፍኗል፣ ግራጫ ሊጥ መስሎ። ውኃ ስትለቅበት ከላይ ያለው ይታጠባል፣ ውስጥ ያለው ንቅንቅ አይልም። ሰው ምን ያደርጋል? የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ይመታዋል፣ ስለቱ ይጎዳል። በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ ጣቱ ይቆረጣል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። ከዚያ ግማሹ በተደፈነ መላጫ ተጭኖ ይላጫል፣ ያኔ ነው ደሙ የሚመጣው። ጀርባው ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ውኃ ከኋላ ገብቶ በፊት የሚወጣበት ራስ መሥራት ስንት ያስወጣል? በአንድ ስለት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ከመነሻው ባልተፈጠረ።

የስለቱ መደነዝ ሌላው እሮሮዬ ነው። ፀጉር ከብረቱ ወደ 50 እጥፍ ገደማ የለሰለሰ ነገር ነው፤ ታዲያ እንዴት ምላጭ ያደነዝዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሥር ምላጭ ፀጉር ሲቆርጥ ቀርጸው አዩት። ስለቱ ቀስ በቀስ ተፍቆ የሚያልቅ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ጠርዙ እየተሸረፈ ነው። ፀጉሩ ሲጎብጥ፣ ብረቱ ውስጥ ደግሞ ጥንካሬው ወጥ ያልሆነ ቦታ ሲያጋጥመው፣ እዚያ ጋ ይሸረፋል። ስለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውስጡ ወጥ የሆነ ብረት፣ ፀጉሩም እንዳይጎብጥ አድርጎ የሚይዝ መከለያ። ፀጉርን በሞቀ ውኃ ደቂቃዎች ያህል ማራስ ደግሞ በእጃችን ያለ ነው፣ የራሰ ፀጉር በጣም ባነሰ ጉልበት ይቆረጣል። እኛ የድርሻችንን እያደረግን ነው። እነሱስ?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አባቴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የምላጫቸው እኔ ነኝ። ሰውን መላጨት ራስን ከመላጨት ጋር በፍጹም አይገናኝም። እጀታው የተሠራው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ለሚላጭ ሰው ነው፤ ከፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ስይዘው አንጓዬ ይታጠፋል፣ ስለቱ ከቆዳው ጋር ሊኖረው የሚገባውን ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን መጠበቅ አቃተኝ ማለት ነው። የሽማግሌ ጉንጭ ገባ ያለ ነው፣ ቆዳው ስስና ልል ነው። በአንድ እጄ ከጆሯቸው ሥር ሳብ አድርጌ እይዛለሁ፣ በሌላው እላጫለሁ፤ ሰፊው ራስ ጉንጫቸው ጎድጓዳ ውስጥ አይገባም፣ ጠርዙ አጥንት ላይ ይቀመጥና መሃሉ አየር ይላጫል። አፍንጫ ሥር ስደርስ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ እኔም እይዛለሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሆን ደግሞ ትንሿ ጭረት እንኳ ቶሎ አትቆምም። ስንት ልጅ፣ ስንት አስታማሚ፣ ስንት ነርስ ይህን በየዕለቱ ያደርጋል! ለዚህ ሥራ የሚሆን፣ እጀታው እንደ ብሩሽ ከላይ የሚያዝ፣ ራሱ ጠበብ ያለ መላጫ በየመደርደሪያው መኖር ነበረበት። አባቴ ራሳቸው መላጨት ይፈልጋሉ፣ ሲያደርጉትም ክብራቸው ነው። ወፈር ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ሲረጥብ የማያንሸራትት እጀታ ቢኖር ምናልባት ግማሹን ራሳቸው ይጨርሱት ነበር።

ሴቶችስ? እህቴ ምሬቷ ከእኔ ይብሳል። የወንዱን መላጫ ቀለሙን ይለውጡና ለሴት ነው ይላሉ። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እኮ ጉንጭ አይደሉም። አጥንቱ ከቆዳው ሥር ወዲያው ነው፣ ቅርጹ በየጣት ርቀቱ ይለዋወጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚላጨው በሳሙና እጅ፣ አጎንብሶ፣ በደንብ ሳያዩት ነው። ብብት ደግሞ ጎድጓዳ ነው፣ ፀጉሩም በአንድ አቅጣጫ አይተኛም። ጭንቅላቱን የሚላጭ ሰውም ከኋላ ያለውን በዳሰሳ ነው የሚያገኘው። ማየት የተሳነው ሰውማ ሁሉንም በዳሰሳ ነው። ስለቱ የት እንዳለ፣ ወደየት እንደዞረ ጣት እንዲያውቀው እጀታው ላይ አንዲት ጉብታ ማድረግ ማንን ይጎዳል?

መዋዋስን ሳላነሳ አላልፍም፣ ይሄ ከጭረት ያለፈ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ በደም ይተላለፋል፣ ከሰውነት ውጭም ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። በአንድ ቤት አንድ ዓይነት መላጫ ተደርድሮ ሲቀመጥ ሰው ይሳሳታል፣ በተለይ ጠዋት በችኮላ። እያንዳንዱ እጀታ ላይ የሚለወጥ ቀለበት፣ በዓይንም በጣትም የሚለይ፣ አብሮ ቢሸጥ ይህ ስህተት ይቀንሳል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው የምጠይቀው።

እንግዲህ እኔ የምፈልገው መላጫ ይኸውላችሁ። አንድ ስለት። ክፍተቱ በቀለበት የሚስተካከል፣ ቀለበቱም ሲዞር ቁልጭ ብሎ የሚሰማና በራሱ የማይንሸራተት። አንገቱ ሲፈለግ የሚተጣጠፍ፣ ሳይፈለግ የሚቆለፍ፤ ሁልጊዜ የሚወዛወዝ ራስ ማዕዘኑን ከእጃችን ይነጥቀናል፣ ሁልጊዜ ግትር የሆነው ደግሞ ጉልበት ላይ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ምርጫው የእኛ ይሁን። እጀታው የሚረዝም፣ ለሰው ሲላጭም የሚዞር። አንዱ ጎኑ ለአፍንጫ ሥር እንዲሆን ጠበብ ያለ። ምላጭ ሲለወጥ ጣት ስለቱን ጨርሶ የማይነካበት፣ ምላጩን ከማሸጊያው በቀጥታ የሚቀበል። እርጥብ ምላጭ ከእጀታው ላይ ተጣብቆ ሲያስቸግር በጥፍር ወይም በወረንጦ የነቀለ ሰው ለምን እንደምለው ይገባዋል። ሲቀመጥ የሚዘጋ ክዳን፣ ልጅ ቢያነሳው እንዳይከፍተው ሆኖ። ያገለገለውን ምላጭ የሚውጥ ትንሽ የብረት ሣጥንም አብሮ ይምጣ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ምላጭ የሚጣለው ከመስታወቱ ኋላ ባለ ቀጭን ቀዳዳ ወደ ግድግዳው ውስጥ ነበር፣ ቤት አፍራሾች ዛሬም የዛገ ምላጭ ሲዘረገፍባቸው ያገኙታል። አሁን ደግሞ ፕላስቲክና ብረት ተጣብቆ የማይለያይ ራስ በየሳምንቱ ቆሻሻ ውስጥ እንጥላለን፣ ቆሻሻ የሚሰበስበው ሰው እጅ ላይ ያርፋል።

ዲዛይን የምትማሩ፣ ማሽን ቤት የምትሠሩ፣ ባለሦስት አውታር ማተሚያ (3D ፕሪንተር) ያላችሁ፣ ለእናንተ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። የጂሌት የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1921 አልቋል። ባለ ሁለት አፉ ስስ ምላጭ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቅርጹ አንድ ነው፤ የማንም ምላጭ የማንም እጀታ ላይ ይገጥማል፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ስለቱን መፈልሰፍ የለባችሁም። ራሱንና እጀታውን ብቻ ሥሩት፣ ስትሞክሩትም መጀመሪያ ጥምዝ ፀጉር ባለው አንገት ላይ፣ በሽማግሌ ጉንጭ ላይ፣ በረጠበ ጉልበት ላይ ሞክሩት። ለስላሳው ጉንጭ መጨረሻ ይምጣ።