የባንዱ እህትማማቾች ማህበራቸው ይቆይላቸው

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች ደወለችልኝና "እማዬ፣ ሶሮሪቲ ልገባ ነው" አለችኝ። ሶሮሪቲ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ ሴቶች የእህትማማችነት ማህበር ነው። ክው አልኩ። እዚህ አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሀበሻ ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚመጣበት ይታወቃል። ጭፈራ፣ መጠጥ፣ "አባል ለመሆን" እየተባለ የሚደርስ ድብደባና ውርደት። ዝም ስልባት ሳቀች። "የባንድ ነው እኮ፣ ውሃ ነው የምንሸከመው" አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም ነበር። የገባኝ በቀጣዩ ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ነው። የማርሽ ባንዱ ትምህርት ሳይጀመር ሰልፍ ይለማመዳል። አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐዩ ከላይ ያነዳል። ልጄና ጓደኞቿ ገና በማለዳ ትልልቅ የውሃ ጀሪካን ሞልተው በጋሪ እየገፉ መጡ። እረፍት በተባለ ቁጥር ሌላው ሲቀመጥ እነሱ ውሃ ያድላሉ፣ ፉጨት ሲሰማ ደግሞ የራሳቸውን መሣሪያ አንስተው ሰልፍ ይገባሉ። አንድ አዲስ ገቢ ልጅ ሙቀቱ አዞረውና ቁጭ አለ። አንዷ ሮጣ ሄዳ የረጠበ ፎጣ አንገቱ ላይ አደረገችለትና ትራምፔቱን ተቀብላ እንደ ሕፃን አቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች። ደህና እስኪሆን አልተነሳችም። ማንም አላዘዛትም።

የልጄን የእህትማማቾች ማህበርና ቀድሞት የነበረውን የወንድማማቾች ማህበር ማን ፈጠራቸው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ቀን ማታ ነው። (ቀኑንም ዓመተ ምህረቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የወንድማማቾቹ ማህበር ካፓ ካፓ ሳይ ይባላል። የተመሠረተው ኅዳር 27 ቀን 1919 በኦክላሆማ ግዛት፣ ስቲልዋተር በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የግብርና ኮሌጅ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ዊሊያም ስክሮግስ የሚባል የባንዱ ተማሪ ነበር። የባንድ ልጆችን የሚያስተሳስርና ባንዱን የሚያገለግል ማህበር ቢኖር ብሎ የባንዱን መሪ አማከረ፣ ከዚያም አስር ተማሪዎች ተመርጠው ጀመሩት። መሪው ቦሁሚል ማኮቭስኪ ነበሩ። እኚህ ሰውዬ ልቤን ነክተውኛል። ዛሬ ቼክ ከምንለው አገር በ1878 ተወልደው በልጅነታቸው አሜሪካ የገቡ ስደተኛ ናቸው። ከ1915 እስከ 1943 እዚያው ኮሌጅ ሙዚቃ አስተምረዋል። ስደተኛ በሰው አገር ሄዶ የገበሬ ልጆችን ክላርኔትና ጡሩምባ ሲያስተምር ኖሮ፣ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ የማህበሩ "መሪ መንፈስ" እያሉ ሲጠሩት ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ማህበሩ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፋ። ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ውስጥ ባሪቶን የሚባለውን ጡሩምባ ሲነፋ የዚህ ማህበር አባል ነበር። ግን ማህበሩ የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት ብትነፋም፣ ብትሸከምም፣ ብታገለግልም አይመለከታትም።

በ1937 አካባቢ በቴክሳስ፣ ሉበክ ከተማ፣ ዛሬ ቴክሳስ ቴክ በሚባለው ኮሌጅ ዋቫ ቤንስ የምትባል የባንድ ተማሪ ነበረች። ለምን ለእኛስ አይኖርም አለች። የባንዱ መሪ ዲ. ኦ. ዋይሊ ሐሳቧን ደገፉላት። ጓደኞቿን ሰበሰበች፣ ማህበሩን አቋቋሙ፣ ስሙንም ታው ቤታ ሲግማ አሉት። ልጄ የገባችበት ይህ ነው። ከዚያ ካፓ ካፓ ሳይ በእህትነት እንዲቀበላቸው ጠየቁ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰ፣ ወንዶቹ ዘመቱ፣ የወንዶቹ ማህበር ራሱ ሥራው ቆመ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ እንቅፋት መጣ፤ በቴክሳስ ሕግ ምክንያት ብሔራዊ ማህበር አድርጎ ማስመዝገቡ እዚያ አልሆን አለ።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ኦክላሆማ ሄዶ መመዝገብ ነው። ታው ቤታ ሲግማ መጋቢት 26 ቀን 1946 ስቲልዋተር ላይ በሕግ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ማለትም "አልፋ" የሚለው ስም ለኦክላሆማ ሴቶች ተሰጠ። ሐሳቡን የወለዱት፣ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የጠበቁት የቴክሳስ ሴቶች "ቤታ" ሆነው ሁለተኛ ቆሙ። እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ብዙ አሰብኩ። የራስሽን ልጅ ወልደሽ፣ አሳድገሽ፣ በሌላ ቤት ስም ይመዝገብ ሲሉሽ እሺ ማለት ማለት ነው። ዋና ነገር ማህበሩ ይኑር ብለው ተቀበሉት። የወንዶቹ ማህበር በእህትነት የተቀበላቸው በ1947 ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ክርክር ስላለ ነው። በ1972 ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ወጣ፤ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚከለክል ሕግ ነው። ሁለቱም ማህበራት በ1977 በራቸውን ለሁሉም ከፈቱ። ዛሬ ሴት ካፓ ካፓ ሳይ ትገባለች፣ ወንድም ታው ቤታ ሲግማ ይገባል። እንግዲያው ሁለት ማህበር ለምን አስፈለገ፣ ይዋሃዱና አንድ ይሁኑ የሚሉ አሉ። የልጄ ጓደኛም እቤት ለምሳ መጥታ ይህንኑ ስትል ሰምቻለሁ።

እኔ አልስማማም።

አንደኛ፣ ሲዋሃዱ የሚጠፋው የማን ስም እንደሆነ እናውቃለን። ካፓ ካፓ ሳይ በዕድሜም ይበልጣል፣ በአባላትም ይበልጣል። ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዋቫ ቤንስ ታሪክ በሌላ ማህበር ታሪክ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ትሆናለች።

ደግሞ "ያ ዘመን አልፏል" የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ ለሴቶች የተከፈተው በ1972፣ የኦሃዮ ስቴት በ1973 ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ባንድ ሴት የተቀበለው በ1985 ነው፣ ያውም ፍርድ ቤት ከተደረሰ በኋላ! በ1985 እኮ እኔ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ያኔ ሴት ልጅ ጡሩምባ ይዛ ሜዳ ትግባ አትግባ እየተባለ ይከራከሩ ነበር። የዚያ ትውልድ ሴቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ያስተምራሉ፣ ባንድ ይመራሉ። ለእነሱ የቆመው ቤት ሥራውን ጨርሷል ብሎ ለመዝጋት በጣም ገና ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት አንድ ነገር እውነት ነው። ትንሽ ባንድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ማህበር ማቆም ይከብደዋል። ያው ጥቂት ልጅ በሁለት ተከፍሎ ሊቀመንበርም ገንዘብ ያዥም ያጣል። እንዲህ ያለ ቦታ አንዱ ብቻ ይኑር፣ አሁንም በብዙ ዩኒቨርሲቲ ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ግን የአንድ ግቢ ጉዳይ ነው። በአገር ደረጃ ስሙን ማጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ስለ ፍርሃቴ ነግሬያችኋለሁ፣ ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በ2011 ሮበርት ቻምፒየን የሚባል የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም የባንድ ልጅ ኦርላንዶ ውስጥ በባንዱ አውቶቡስ ላይ "ወግ ነው" ተብሎ በገዛ ባልደረቦቹ ተደብድቦ ሞቷል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሰልፉ መሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ "የባንድ" የሚለው ቃል ብቻውን አያረጋጋኝም። ልጄን በቀጥታ ጠየቅኳት፣ የማህበሩ ደንብ ይህን ነገር ጨርሶ እንደሚከለክል ነገረችኝ። ደንብ ብቻውን ሰው አያድንም፣ አውቃለሁ። እኔን ያሳመነኝ ያቺ ልጅ ትራምፔት አቅፋ የተቀመጠችበት ነው። አዲስ ገቢውን የሚያንበረክክ ማህበርና ለአዲስ ገቢው ተንበርክኮ ፎጣ የሚያረጥብ ማህበር አንድ አይደሉም። ታው ቤታ ሲግማን የጀመሩት በር የተዘጋባቸው ሴቶች ናቸው፣ እና አዲስ የመጣን ሰው እንዴት እንደሚቀበሉ ከዚያ የወረሱት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ያን ቅዳሜ ወደ ማታ ልምምዱ አልቆ ሱሳፎን የሚባሉት ትከሻ ላይ የሚታቀፉ ትልልቅ ጡሩምባዎች ወደ መኪና ሲጫኑ፣ ከልጄ ጋር የሚሸከመው አንድ ረዥም ልጅ የታው ቤታ ሲግማ ቲሸርት ለብሶ ነበር። ወንድ ነው። ለምን የወንዶቹ ጋ አልገባህም አልኩት። በክንዱ ላቡን ጠራረገና "ያቋቋመቻቸውን ሴት ታሪክ ሰምቼ ነው" አለኝ። ከዚያ ልጄ ስትጠራው የቀረውን ሱሳፎን ሊያመጣ ሮጠ።