ዘመድ ያለው ሞተር ዋጋው አይወድቅም

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ የተላለፈውን የትራንስፖርት ውይይት ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ላልሰማችሁ ነገሩ ይሄ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ባሕር ዳር ላይ ለምን አልረክስ እንዳለ ተጠየቀ። ሞተር በየዓመቱ 20 በመቶ እየወረደ በአምስት ዓመቱ ቁራጭ ብረት መሆን ነበረበት አለ። ያልወረደው ደላላ ስለሰቀለው ነው አለ። ስለዚህ በምርት ዘመኑ ልክ የዋጋ ጣሪያ ይውጣለት ብሎ ደመደመ።

ቁርስ ላይ ነበርኩ። የጎረስኩት አልወረደልኝም። ዘጠኝ ዓመት ሞተር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ገዝቻለሁ፣ አንዱን ሸጫለሁ፣ ሁለተኛውን አሁን ልሸጠው ነው። ይህ ሰው የሚያወራው ስለየትኛው ገበያ ነው?

ከደላላው እንጀምር። ሽንኩርት ሲወደድ ደላላ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ደላላ፣ አሁን ደግሞ ሞተር። እሺ፣ ደላላ ዋጋ መስቀል ይችላል እንበል። ታዲያ ለምን ሁሉንም አይሰቅልም? አንድ ደላላ ዘንድ ሁለት ሞተር ቆመው አይቻለሁ። ዕድሜያቸው እኩል ነው። አንዱ ቦክሰር የሚባለው የሕንዱ ባጃጅ ሞተር ነው፤ ወንበሩ ተቀዷል፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ተጭሯል። ሌላው ፕላስቲኩ የሚያብረቀርቅ፣ ቆጣሪው ዲጂታል የሆነ፣ ፎቶ የሚያነሱት ዓይነት ነው። ቦክሰሩ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ተሸጠ። ያኛው ወር አለፈው፣ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፣ አሁንም አቧራ ይለብሳል። ደላላው ያው ነው። ቦታው ያው ነው። ዋጋ የመስቀል ሥልጣን ካለው ያንን ሞተር ለምን አላዳነውም? ደላላ የሚበላው ከተሸጠው ነው፤ የቆመ ሞተር ምሳ አይሆነውም።

ደላላ አይዋሽም አላልኩም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚያስመልስ አለ። ወድቆ ሹካው የተጣመመን ሞተር ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ የሚያቀርብም አለ። እሱ ግን ማጭበርበር ነው። ማጭበርበር አንድን ገዢ ይጎዳል እንጂ የከተማን ዋጋ ለዓመታት ተሸክሞ አያቆምም።

ዋጋ ተሸክሞ የሚያቆመውን ነገር የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። በ2009 የመጀመሪያውን ሞተር ገዛሁ። አዲስ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ያስመጣው ድርጅት አሁን በከተማው የለም። በጣም ያምር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከጢስ ዓባይ ስመለስ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። እየገፋሁ፣ ኋላም አይሱዙ ላይ ጭኜ ጋራዥ አደረስኩት። ልጁ ከፈታታው በኋላ ሲዲአይ የምትባለው የእሳት መቆጣጠሪያ መቃጠሏን ነገረኝ። እጅ የማትሞላ ዕቃ ናት። ባሕር ዳር ፈለግኩ፤ የለም። አዲስ አበባ አስፈለግኩ፤ የሌላ ሞተር እንጂ የእሷ የለም። ስድስት ሳምንት ቆመ። ያን ጊዜ ነው ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር መልክ እንጂ ዘመድ የለውም» ያለኝ።

ዘመድ የለውም። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። በመጨረሻ ከገዛሁበት ከግማሽ በታች ሸጥኩት። ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በእንግዳው ሂሳብ እኮ 60 በመቶ ዋጋው ሊቀረው ይገባ ነበር!

ዘመድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልዘርዝረው፤ እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው። ሞተር የሚያልቅ ዕቃ ስብስብ ነው። ካቴናው ያልቃል። የፍሬን ሸራው ያልቃል። የፍሪሲዮን ዲስኩ ያልቃል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል። በተለይ የእኛ መንገድ ኩሽኔታ ይበላል። አስፋልቱን ለቀቅ አድርጋችሁ ኮረኮንቹ ላይ ስትገቡ የፊት ጎማው የሚናገረውን የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሞተሩን ብቻ አይደለም የሚገዛው። ነገ የሚሰበረውን ዕቃ የማግኘት ተስፋም አብሮ ይገዛል።

ቦክሰር ያለው ሰው መራዊ ላይ ቢቆም ዕቃ አለ። ሐሙሲት ቢቆም አለ፤ ወረታም አለ። ዕቃው ብቻ አይደለም፤ እጁም አለ። የጋራዥ ልጅ ሙያ የሚለምደው በሚመጣለት ሞተር ነው። በቀን አምስት ቦክሰር የሚፈታ ልጅ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ያወርደዋል። በዓመት አንዴ የሚያየውን ሞተር ግን ሲፈታ ይፈራል፣ ሲገጥም አንድ ብሎን ይተርፈዋል። ያንን ፍርሃት ገዢው ያውቃል፤ ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ትክክልም ነው።

ነገሩ ደግሞ ራሱን ይመግባል። ሞተሩ ሲበዛ ነጋዴው ዕቃውን ያመጣል። ዕቃው ሲኖር ሰው ያንኑ ሞተር ይገዛል። አንድ ሞተር እዚህ ክብ ውስጥ ከገባ አሥር ዓመት ቢሞላውም አይወድቅም። ካልገባ ገና ከሱቅ ሲወጣ ወድቋል።

ሲሞት እንኳ ይታያል። ዘመድ ያለው ሞተር ወድቆ ቢደቅ ቴስታታው ለብቻው ይሸጣል፣ ቸርኬው ለብቻው፣ ሹካው ለብቻው፣ ማርሚታው ለብቻው። ሰልባትዮው እንኳ ፈላጊ አለው። የእነዚህ ሁሉ ድምር የሞተሩ ወለል ነው። ዋጋው ከዚያ በታች ሊሄድ አይችልም፤ ከሄደ ፈትቶ የሚሸጥ ሰው ያነሳዋል። አዲስ ሞተር በመጀመሪያው ዓመት በደንብ የሚወርደው፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚዘገየው ለዚህ ነው። እንግዳው ያሰመረው ቀጥ ያለ የ20 በመቶ መስመር የሒሳብ መዝገብ መስመር ነው። መዝገብ ላይ የግዢ ወጪን በዓመታት ለመከፋፈል ይጠቅማል። የሞተር ተራ ግን መዝገብ አይደለም።

«የቻይና ስለሆነ ነው የወደቀብህ» የሚለኝ አለ። እሱም ስህተት ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጂ 125 የተባለ ሞተር ሠራ። ዘይት በጊዜው የማይቀየርለትን፣ ጭነት የሚበዛበትን አገር አስቦ ነው የሠራው። ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ዘንግ ደግሞ ችላ ቢሉት ይታገሣል። የቻይና ፋብሪካዎች ያንን ሞተር እየገለበጡ በየስማቸው አወጡት። ስለዚህ ስማቸው የማይመሳሰል ብዙ የቻይና ሞተሮች በውስጥ ወንድማማች ናቸው። የአንዱ ፒስተን ለሌላው ይሆናል። እነዚያ ዋጋ ይይዛሉ። የእኔ ግን ወንድም አልነበረውም።

የያማሃ ኤጂ 100ንም ተመልከቱ። መልክ የለው፣ ፍጥነት የለው፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ያቃጥላል። የተሠራው ለእርሻ ነው፤ ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ ሲወጣ የሚሻሙበት ገጠር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የማይቀር ሞተር ፈላጊ አያጣም።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። ይህን አጠር አደርገዋለሁ፤ እንግዳው ሳያነሳው ማለፉ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እኔ የመጀመሪያውን ሞተር ስገዛ በ2009 ዶላር 22 ብር አካባቢ ነበር። ሞተር ከነዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። እንግዲህ ያኔ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሞተር 22 ሺህ ብር ነበር እንበል። ዛሬ ያው ሞተር አርጅቶ ከዋጋው ሁለት ሦስተኛውን ቢያጣ፣ የቀረችው አንድ ሦስተኛ በዛሬው ምንዛሪ ከ33 ሺህ ብር ትበልጣለች። ባለቤቱ አተረፍኩ ይላል። እንግዳው ተሰቀለ ይላል። ሞተሩ ግን ሁለት ሦስተኛውን አጥቷል! ያልወረደ የመሰለው መለኪያው ራሱ ስላጠረ ነው። ይህን አምጥቶ ደላላ ላይ መለጠፍ ሰው ፊት የሚባል ነገር አይደለም።

ወቅትም አለ። የፎገራ ሩዝ ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ከወረታና ከደራ የሚመጣው ገዢ ይበዛል። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ የቆነጠጠው ሰው ሞተሩን ይዞ ይወጣል፤ ሻጭ ይበዛል፣ ዋጋ ይለዝባል። አንድ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዋጋ አለው። የዋጋ ጣሪያ የሚያወጣው ሰው የትኛውን ወር ነው የሚይዘው?

ጣሪያው ከወጣ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አሁንም ቢሆን ውል ላይ የሚጻፈውና እጅ ላይ የሚቆጠረው አንድ አይደለም። ጣሪያ ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ሰው ስም ማዞሩን ይተውና በውክልና ይሸጣል። በውክልና የተሸጠ ሞተር ደግሞ መከራ ነው። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ሦስት ሰው እጅ በውክልና የዞረ ሞተር ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በስሙ ካለው ከመጀመሪያው ባለቤት ቤተሰብ ጋር ፍርድ ቤት ሊያገናኛችሁ ይችላል። ዘመድ ያለውን ሞተር ዘመድ የሚያሳጣው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። ሰውዬው ስም ማዞር ይቅለል፣ ክፍያው ይቀንስ ቢል አጨበጭብለት ነበር። አላለም።

በአንድ ሌሊት ዋጋ የሚጥል ነገር ካስፈለገ ውሳኔ ነው የሚጥለው። በ2011 ክረምት አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ሲባል በማግስቱ የአንድም ሞተር ፒስተን አልተበላም። ካቴናውም ያው ነበር። የተወሰደበት መንገዱ ነው። መንገድ የሌለው ሞተር ገዢ የለውም። ስለዚህ ስለ ዋጋ በሬዲዮ የሚናገር ሰው አፉን ሲከፍት ይጠንቀቅ። ጣሪያ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ብቻውን፣ ቤተሰቡን በሞተር ዓሣ እያመላለሰ የሚያስተዳድረውን ሰው ጥሪት ያቀልጠዋል። ለዚያ ሰው ሞተሩ የባንክ ደብተሩ ነው። ልጅ ሲታመም የሚሸጠው እሱን ነው።

እንግዳው በእውነት የሚወርድ ዋጋ ካሳሰበው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያንሳ። እየመጣ ነው፤ ይምጣም፤ ነዳጅ ሰልፍ የቆመ ሁሉ ይፈልገዋል። ግን ባትሪው በሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፣ ባትሪው ደግሞ የዋጋው ትልቁ ክፍል ነው። ሁለተኛው ገዢ ምን ያህል እንደቀረው በምን ያውቃል? ቦክሰርን አስነስቶ ጭሱን ያያል፣ ድምፁን ይሰማል። ባትሪ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። የሚለካበት መሣሪያ በየጋራዡ ካልገባ እነዚያ ሞተሮች በየዓመቱ ከዚያ 20 በመቶ በላይ ሊወርዱ ይችላሉ። ይህን የሚናገር ሰው ቢጋበዝ ምነው!

የእኔን ቦክሰር ለሽያጭ ካወጣሁት ሳምንት ሆኖታል። አገልግሎ ነበር የገዛሁት፤ እኔ ዘንድ ብቻ ስድስት ዓመት አልፎታል። ካቴናው አዲስ ነው፣ የፍሬን ሸራው ተቀይሯል። ትናንት ከመራዊ አንድ ወጣት መጥቶ አየው። ቁጭ ብሎ ሞተሩን አዳመጠ፣ ሹካውን በእጁ ዳበሰ፣ ኋላውን ይዞ ኩሽኔታውን ነቀነቀው። ስንት ዓመቱ ነው አላለኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ነው።